በመጠለያው ወጥ ቤት የመረጥሁት ሴራሚክ

ይህ የሆነው በሰባ ሰባቱ የረኃብ ዘመን፣ በሱዳን፣ ከገዳሪፍ ከተማ በሎሪ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የከፋ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ሆኖም ስለዚያ ዘመን በተጠየቅሁ ቍጥር ሌላውን ሁሉ ተርኬ ይህን አንዱን ዘልዬው አልፋለሁ። እሱ ግን እኔን አላለፈኝም። በታሪኩ ውስጥ ጥይት የለበትም፤ ሽፍታም የለበትም። ያለበት አንድ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ያሠራሁት እኔ ነኝ።

በሙያዬ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። በዩኒቨርሲቲ የቀሰምሁትን ትምህርት ብቻ ይዤ፣ በመተማ በኩል በእግሬ ድንበር ተሻግሬ ገዳሪፍ ከገባሁ በዚያን ጊዜ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ለሰሊጥ ነጋዴዎች ቤት እየነደፍሁ እተዳደር ነበር። ረኃቡ ጠንቶ የአገሬ ሰው በየሎሪው ተጭኖ መምጣት ሲጀምር፣ መጠለያው የግንባታውን ሥራ የሚቆጣጠር፣ አማርኛና ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ፈለገ። ሄጄ ገባሁ። በሥራዬ ቸልታ የማላውቅ ሰው ነበርሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ወጥ ቤት እንለው የነበረው ቀድሞ የማሽላ መጋዘን የሆነ የጡብ ቤት ነው። ሎሪ ገብቶ እንዲያራግፍ ተብሎ ስለተሠራ ፊት ለፊቱ ክፍት ነበር። በጀርባው ግድግዳ ሥር ስድስት ምድጃዎች ተደርድረዋል። በላያቸው በርሜል የሚያክሉ ብረት ድስቶች ይጣዳሉ። ለሕፃናት፣ ለደካሞችና አዲስ ለሚገቡ ሰዎች ከማሽላ ዱቄት፣ ከዱቄት ወተትና ከዘይት የተሠራ አጥሚት ይፈላባቸዋል። አዲስ የገባ ሰው የደረቅ እህል ድርሻው እስኪወጣለት ድረስ ሳምንት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያው የሚበላው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ችግሩ የጀርባው ግድግዳ ነበር። የጭቃ ልስኑ በእንፋሎት እየራሰ፣ እየተላጠ ድስቱ ውስጥ ይወድቃል። ዝንቡም በላዩ ላይ ጥቁር ሆኖ ይሰፍራል። ልጆች በተቅማጥ ማለቅ ሲጀምሩ፣ ኸዋጃ እያልን የምንጠራው ነጭ ሐኪም ግድግዳውን አየና በአስቸኳይ ውሃ የሚያጥበው ነገር ይልበስ አለ። ወጥ ቤቱ እስኪታደስ ድረስ ድስቶቹ ወደ ውጭ፣ በዚያ አገር ራኩባ ወደሚባለው የገለባ ዳስ ወጡ። ውጭ ደግሞ የጥር ነፋስ አቧራውን እያፈሰ ይጨምርባቸዋል። ስለዚህ ሥራው የሚያስቸኩል ነበር።

በገዳሪፍ ሴራሚክ የሚያስለጥፍ ከሰሊጥ ነጋዴዎች በቀር ማንም አልነበረም። ከእነርሱ አንዱ፣ ቤታቸውን የነደፍሁላቸው ሐጅ ዑስማን ነበሩ። በዚያ ሰሞን ባለቤታቸው ወጥ ቤቷን ስታሳድስ የተረፋት ሴራሚክ በግቢው ጥግ ተከምሮ አይቼ ስለነበር፣ ግንበኛውን አያ ካሴን አስከትዬ ሄድሁ። አያ ካሴ የጎንደር ሰው ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ፋሽጋ ወርዶ፣ ለአንድ መኸር ብሎ የመጣበት አገር ሃያ ዓመት ያስቀረው፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ አፉ የማያርፍ ጨዋታ ወዳድ ነበር።

ሐጅ ዑስማን ወጣትነታቸውን በሑመራ ንግድ ስላሳለፉ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ።

«አንተ መሐንዲስ፣ ለልጆች ከሆነ የፈለግኸውን አንሣ» አሉኝ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሚስቴ ይህን ስትመርጥ አርባ ቀን ፈጅታለች። አንተ ደግሞ ከእሷ ትብሳለህ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ» አልኋቸው።

አልጨረስሁም።

ክምሩ ሦስት ነበር። አንደኛው ነጭ ነው፤ ምንም ሥዕል የለበትም። በብዛትም ይበቃናል። ሆኖም ሁለት ጊዜ የተገዛ በመሆኑ ግማሹ የወተት ንጣት ሲኖረው ግማሹ ወደ ቢጫ ያደላል። አውጥቼ ስለካው በመጠኑም ሁለት ሚሊ ሜትር ይለያያል። ሁለተኛው ሰማያዊ ሲሆን ጠርዙ የተሸራረፈ ነበር። ሦስተኛው የክሬም መልክ ያለው፣ በአንድ ማዕዘኑ ግራና ቀኝ፣ ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ የአረንጓዴ ቅጠል ግማሽ የተሣለበት ነው። አንድ በአንድ ለካሁት። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ያልተነካ ነበር።

አያ ካሴ በርሜል ላይ ተቀምጦ ይመለከተኛል።

«መሐንዲስ ሆይ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ሊበሉ ነው ወይስ ሊዳሩ?» አለኝ።

«ግድግዳው ቀጥ እንዲል ነው።»

«ግድግዳው አይርበውም! ነጩን እንጫነውና እንሂድ። ይታጠባል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ነጩ መጠኑ አይገጥምም። ሁለት ሚሊ ሜትር ይለያያል።»

«ሁለት ምን?» ብሎ ወደ ሐጅ ዑስማን ዞረ። «ሐጅ፣ ይሰሙታል? ሰው በአንድ ጭብጥ ማሽላ ይሞታል፤ ይህ ሰው ስለ ሁለት ሚሊ ይጨነቃል።»

ሐጅ ዑስማን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ባለ ቅጠሉን አስጫንሁ።

ሁለት ሚሊ ሜትር።

መጠለያው እንደደረስን ስሚንቶው ከመቦካቱ በፊት አራት ሴራሚክ ወለሉ ላይ አንጥፌ ሞከርሁ። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ሳደርጋቸው ግማሽ ቅጠሎቹ ተበታትነው የትም የማይደርሱ ሆኑ። ማዕዘናቸውን ወደ መካከል ሳዞረው ግን ግማሹ ከግማሹ ገጠመ። ሙሉ ቅጠል ሆነ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ጎን። መስመሩ ፀጉር እንኳ አያስገባም። እንዲህ ያለ መገጣጠም በዚያ አገር አይቼ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

አያ ካሴ ጎንበስ ብሎ አየና «መስቀል ወጣው እኮ!» አለ። «ሳታስበው ባረክኸው።»

«መስቀል አይደለም። አበባ ነው፤ ባለ አራት ቅጠል አበባ።»

«አበባም ከሆነ አበባውን እሳለመዋለሁ» አለና ስሚንቶ በነካው ጣቱ ግንባሩን ነካ። ረዳቶቹ ሳቁበት። እኔ ወደ ቱንቢዬ ተመለስሁ።

የነገረኝን ሰምቼዋለሁ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ባደግሁበት አገር መስቀል በእናቴ ግንባር ላይ ተነቅሷል፤ በአንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ በቀሚሷ ላይ ተጠልፏል። ለዓይኔ ሁልጊዜ የነበረ ነገር ስለሆነ እንደ ምልክት መቍጠር ትቼ ነበር። እኔ ያየሁት የመስመሩን ልክ ብቻ ነው።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። እያንዳንዱን ረድፍ በውሃ ልክ አስለካሁ። አንዱን ረድፍ ከደረቀ በኋላ አስነሥቼ እንደገና አስለጠፍሁ። በአምስተኛው ቀን ጧት ድስቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ኸዋጃው ጣቱን በግድግዳው ላይ አንሸራትቶ አየና ጨበጠኝ። በዚያ አቧራና ገለባ በሞላበት መጠለያ ውስጥ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያበራ ነገር ያ ግድግዳ ብቻ ነበር። ክፍት በሆነው ፊት ለፊት በኩል ከሩቅ ይታያል።

በዚያው ጧት ሁለት ሎሪ ሰው ከድንበር ገባ። አብዛኞቹ እንደ ቀድሞዎቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ሃያ የሚሆኑት ግን ከወሎ፣ ከየጁ በኩል የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ወደ እኛ መጠለያ እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድነት ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። መዝጋቢው ሱዳናዊ ስለሆነ አማርኛ አይችልም። ስማቸውን ጻፈና በጣቱ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከታቸው።

ወደ ወጥ ቤቱ መጡ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያም ወደ ጎን ወጥተው በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

አይቻቸዋለሁ። በልተው ያረፉ መሰለኝ። ከፊታቸው የተደረደሩት የእንጨት ገበቴዎችና የቆርቆሮ ጣሳዎች እንዴት ንጹሕ እንደነበሩ እንኳ ልብ ብያለሁ። ምን ያሉ ጽዱ ሰዎች ናቸው ብዬ በልቤ አመሰገንኋቸው።

በዚያን ቀን አጥሚት ተረፈ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ብርዛፍ ጭልፋዋን ይዛ ወደ እኛ መጣች። በአንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ የማይለያት፣ እንደ ባልደረቦቿ ሁሉ የጎንደር ሴት ነበረች።

«ተረፈኝ!» አለች። «በዚህ ዘመን ተረፈኝ ብል ማን ያምነኛል?»

«የመሐንዲሱ ግድግዳ አጥግቧቸው ይሆናል» አለ አያ ካሴ።

ሳቅን። ትርፉን ለተሰለፉት ደገመችላቸው።

በማግሥቱም ተረፈ። በኒሙ ሥር ሳልፍ ቆም ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ምላሽ ሰጠኝ።

«ደኅና ናችሁ? የጎደለባችሁ ነገር አለ?» አልሁት።

«አልሐምዱ ሊላህ። አልጎደለብንም፤ እናንተን አላህ ይስጥልን።»

አጠገቡ የተቀመጠች ወጣት ሴት የሦስት ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ ታቅፋለች። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፤ ዝንቡን ግን አታባርርም። ሴትዮዋ ከጨርቅ ቋጠሮ ጥቂት የተቆላ ማሽላ አውጥታ በጥርሷ እያላመች በጣቷ ወደ ልጅቱ አፍ ትጨምራለች። ይህንንም አይቻለሁ። አልሐምዱ ሊላህ ከተባልሁ በኋላ ስለነበር ግን ከቍም ነገር ሳልቆጥረው አለፍሁ። የአገራችን ጨዋ ሰው ለእንግዳ ጠያቂ ራበኝ እንደማይል እያወቅሁ፣ የአፉን ቃል ተቀብዬ ሄድሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኒሙ የመራኝ ርኅራኄ አይደለም። ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ግድግዳው ከርቀት እንዴት እንደሚታይ ለማየት ፈልጌ ነበር። የረድፎቹ መስመር እስከ ጥግ ድረስ ሳይዛነፍ መሄዱን ላረጋግጥ ዓይኔን ከሴራሚኩ ሳልነቅል ወደ ኋላዬ ስሄድ፣ ጥላው ውስጥ ገባሁ። ከጀርባዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው።

«አባዬ፣ ዛሬም ባይጠሩንስ?»

«ይጠሩናል፣ ዘሀራ» አላት ሽማግሌው። «ሰው ቤት ተመጥቶ አይቸኮልም።»

ዞርሁ።

«አባት፣ ማን ነው የሚጠራችሁ?» አልሁት።

ሽማግሌው እንደ ልማዱ ተነሣ። በዚህ ጊዜ በዛፉ ግንድ ተደግፎ ነው የተነሣው።

«እናንተው ናችሁ እንጂ ጌታው። የኛ ማዕድ ሲደርስ ትጠሩናላችሁ ብለን ነው። ሥራ በዝቶባችሁ እንደሆነ እናያለን፤ አንቸኩልም። የልጄ ሚስት ናት፤ ልጅቱ ስለ ደከመችባት ነው እንዲህ የምትለው፤ ይቅርታ አድርጉላት።»

«የእናንተ ማዕድ?»

«ይሄኛው የናንተ የክርስቲያኖቹ መሆኑን አየን» አለና በአክብሮት፣ በጣቱ ሳይሆን በአገጩ፣ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተኝ። «ምልክቱን አየን።»

ወደ አመለከተኝ ዞርሁ።

ከቅርብ ሳየው የኖርሁት የመገናኛ መስመር ከዚያ ርቀት አይታይም ነበር። ቅጠልም አይታይም። የሚታየው መስቀል ነው። ከግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ፣ ከምድጃው ራስ እስከ ጣሪያው ሥር፣ ረድፍ በረድፍ፣ እኩል በእኩል፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ። ከሥሩ ማተብ ያሠሩ ሴቶች ቆመው ይጨልፋሉ።

የሐጅ ዑስማን ወጥ ቤት ትዝ አለኝ። እዚያ የዚሁ ሴራሚክ ግማሽ ቅጠሎች ሳይገናኙ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ነበር የተለጠፉት። ባየሁት ጊዜ የሰነፍ ግንበኛ ሥራ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

ሽማግሌው የሚለውን ለመረዳት ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ባደግሁበት ሰፈር ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የተለየ ሙክት ይገዛል፤ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ በተለየ ድስት፣ በተለየ ዳስ ያሰናዳል። ሙስሊሞቹ መጥተው ከዳሱ ውጭ ይቀመጣሉ። ደጋሹ ራሱ ወጥቶ «የእናንተም ደርሷል፤ ኑ» ብሎ እስኪጠራቸው ድረስ አይነሡም። ቀድሞ መነሣት ደጋሹን ማሳጣት ነው። አባቴ ሲደግስ ወጥቶ የመጥራቱ ሥራ የእኔ ነበር።

እነዚህ ሰዎች አገራቸውንና ከብታቸውን ጥለው፣ ዘሀራም ባሏን በመንገድ ላይ ቀብራ መጥተዋል። ይህን ጨዋነት ግን ይዘውት መጥተዋል። ሁለት ቀን ተኩል ሳይበሉ እንዳያሳጡን ተጠንቅቀው ተቀምጠዋል።

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ቃል «ሌላ ማዕድ የለም፤ ይህ የሁላችሁም ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» የሚለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የእናንተም ደርሷል» አልኋቸው። «አሁን ይመጣል።»

ወደ ወጥ ቤቱ ሮጥሁ። እትዬ ብርዛፍን አንዱን ድስት በሸክም ወደ ኒሙ እንድታስመጣ አዘዝኋት።

«ምን ሆነው ነው እዚያ የሚበሉት? እዚህ ይምጡ እንጂ፤ አጥሚቱ እንደሆነ ያው ነው።»

«ያው መሆኑን አውቃለሁ። ዝም ብለሽ አስመጪ። ደግሞ ማተብሽን በነጠላሽ ሸፍኝው።»

ፊቴን አይታ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች። አያ ካሴ ቀና ብሎ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ ኒሙ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። ድስቱን ከአንድ ረዳት ጋር በእንጨት ተሸከመ።

ቢስሚላህ ብለው በሉ። ሽማግሌው ከሁሉም ኋላ ነው የተቀበለው። ዘሀራ ለልጅቱ በማንኪያ አቀረበችላት። የልጅቱ ስም ሰዓዳ ነበር። ማንኪያው አፏ ውስጥ ገባ፤ አፏ ግን አልተዘጋም። አጥሚቱ በአገጯ ወረደ። እናቲቱ በጣቷ ጠረግ አድርጋ መለሰችላት። በሁለተኛው ጊዜ ዋጠች። ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። የዋጠችው ያን አንድ ጊዜ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ሕሙማኑ ድንኳን ወሰድናት። ሰዓዳ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተች።

ድንኳኑን ይጠብቅ የነበረው ነርስ የእኛው አገር ሰው ነው። ወደ ጎን ወስጄ ጠየቅሁት።

«ስትገባም ደክማ ነበር» አለኝ። «በመጀመሪያው ቀን ብትበላም ላትተርፍ ትችል ነበር።»

«ልትተርፍስ?»

«ልትተርፍም ትችል ነበር» አለ።

በሕይወቴ ሙሉ ትክክለኛ መልስ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መልስ ማንም አልሰጠኝም። መልሱ ግን ምንም አልረዳኝም።

መቃብሯን የቆፈረው አያ ካሴ ነው። ለምኖ ነው የቆፈረው። ሽማግሌው ፈቀደለት፤ በአገራቸውም ክርስቲያን ጎረቤት ይቆፍርላቸው እንደነበር ነገረው። ጸሎታቸውን ሲያደርሱ እኛ ሁለታችን ወደ ጎን ወጥተን ቆምን። ሲጨርሱ ዘሀራ ከሴቶቹ ተለይታ ወደ እኔ መጣች። እንዳትናገረኝ ፈራሁ። ብትረግመኝ ይሻለኛል ብዬ አሰብሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። «አንተ ባትጠራን ኖሮ ልጄ ሳትቀምስ ትሄድብኝ ነበር።»

ሌላ ማዕድ አልነበረም፣ ከመጀመሪያው ጧት ጀምሮ ያ አጥሚት ለልጅሽ ነበር፣ ከእሱ የከለከላት እኔ ያዞርሁት ቅጠል ነው ልላት ነበር። አጠገቤ አያ ካሴ አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«እግዜር ያጥናሽ» አልኋት።

እጄን ስማ ሄደች።

በማግሥቱ ጧት እኔ ሳላዘው አያ ካሴ ጭቃ አቡክቶ ጠበቀኝ። ጭቃ በሴራሚክ ላይ ስለማይዝ በመዶሻው ጫፍ ላዩን አንድ በአንድ እየበሳ ሻከር አደረገው። እኔም መዶሻ አንሥቼ አብሬው በሳሁ። እስከ ቀትር ግድግዳው መልሶ ጭቃ ለብሶ ነበር። ኸዋጃው መጥቶ ተቈጣ። ልስኑ አሁንም ድስቱ ውስጥ ይወድቃል፤ ዝንቡም ይመለሳል ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሐጅ ዑስማን ዘንድ ተመልሰን ነጩን አመጣን። ሁለት ሚሊ ሜትር የሚለያየውን፣ ግማሹ ወተት፣ ግማሹ ቢጫ የሆነውን። አያ ካሴ በአንድ ቀን ተኩል ጨረሰው። ውሃ ልክ አላወጣሁም። ከእንግዲህ ማዕዱ አንድ ሆኗል ብዬ የየጁን ሰዎች ጠራኋቸው፤ ሁሉም በአንድ ሰልፍ በላ።

የየጁ ሰዎች ወር ያህል ከእኛ ጋር ከቆዩ በኋላ፣ ለጥጥ ለቀማ ሰው ይፈለጋል ተብሎ ወደ ፋው በሚሄድ ሎሪ ተሳፈሩ። በመሳፈሪያቸው ጧት ልሰናበታቸው ሄድሁ። ሽማግሌው መረቀኝ። ዘሀራ ሎሪው ላይ ሆና እጇን አነሣችልኝ። ያ እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ዕድሌ ነበር። ሎሪው እስኪነሣ ድረስ ረጅም ጊዜ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሻይ ይጠጣ ነበር። ከጎማው አጠገብ ቆሜ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጥጡ አወራኋቸው።

ወደ ጎንደር ከተመለስሁ አሁን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አያ ካሴ እዚያው ገዳሪፍ አረፈ። ከዚያች ቀን በኋላ በሠራን ቍጥር ስለዚያ ግድግዳ ከሁለታችን አንዳችን አንሥተን አናውቅም። የተሳሳትሁት አንድ ነገር ባለማየቴ ነው፤ ላለማየት ሰበብ አለኝ፤ ራሴንም አንዳንድ ቀን ይቅር እለዋለሁ። በመጀመሪያዋ ደቂቃ የተናገርሁትንም ቃል ይቅር እለዋለሁ፤ የራበው ሰው ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው ቃል እሱ ነበር። ይቅር ማለት ያቃተኝ በመቃብሩ አፍ ላይና በሎሪው ጎማ አጠገብ ዝም ያለውን ራሴን ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዝም ባልልስ ኖሮ ብዬ እከራከራለሁ። ልጇ ሳትጠራ ቀርታ እንዳልሞተች፣ ቀድሞውንም የተጠራች እንደነበረች መስማት ለዚያች ሴት ምን ይጠቅማት ነበር? በዚህ ክርክር አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ ተሸንፌም አላውቅም። ሲነጋ እተወዋለሁ።

ዘሀራ በሕይወት ካለች አሁን አሮጊት ናት። ስለዚያ መጠለያ ለሰው ስታወራ፣ የኛ ማዕድ ዘገየ እንጂ አልረሱንም፣ አንድ ደግ ሰው መጥቶ ጠራን ትል ይሆናል። ሁለተኛ ማዕድ አልነበረም። ማዕዱ አንድ ነበር፤ ከሎሪው ከወረደችበት ሰዓት ጀምሮ የእሷና የልጇ ነበር። ይህን ለእሷ ሳልነግራት፣ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ጻፍሁት።